ፊልሙ መያዙን በምን ታውቃላችሁ?

አያቴን ያነሳሁበት የመጀመሪያው የካሜራ ፊልም ሮል ባዶውን ወጣ። አንድም ፎቶ የለበትም። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ መስኮት አጠገብ ተቀምጣ፣ ዙሪ ስላት እየዞረች፣ ቀና በይ ስላት ቀና እያለች፣ ደከመኝ ሳትል አብራኝ ውላ ነበር። እኔም እጀታውን እስባለሁ፣ ቁልፉን እጫናለሁ፣ ካሜራው ያንን ደስ የሚል ድምፁን ያሰማል፣ ቆጣሪው ከ1 ወደ 2፣ ከ2 ወደ 3 ይሄዳል። ፊልሙ ባለ 36 ፎቶ ነበር፣ ቆጣሪው ግን 36 ሲደርስ አልቆመም። 37 አለ። 38 አለ። ትርፍ ፎቶ አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ። ፊልሙን አሳጥቤ ስቀበል ግን የተሰጠኝ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥርት ያለ ፕላስቲክ ነው።

ካሜራው ደህና ነበር። ፊልሙም ደህና ነበር። ግን ያን ሁሉ ሰዓት ፊልሙ ተጠቅልሎ ከሚሸጥባት ትንሽ ቆርቆሮ ንቅንቅ አላለም። ጫፉን በደንብ ሳላስይዘው ክዳኑን ዘግቼዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ሁሉ በባዶ ካሜራ እንደማንሳት ነው። ማንዋል ካሜራ በውርስ ያገኛችሁ ወይም በቅርቡ ገዝታችሁ ፊልም ማስገባቱ የሚያስፈራችሁ ካላችሁ ይሄ እንዳይደርስባችሁ ነው የምጽፈው። ሥራው ሲለመድ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያ በኋላ የምታነሱት ሁሉ ግን የቆመው በዚያች አንድ ደቂቃ ላይ ነው።

መጀመሪያ ውስጡ ምን እንደሚሆን እንይ። እሱን የተረዳ ሰው ቅደም ተከተሉን መሸምደድ አያስፈልገውም፣ እጁ ራሱ ያውቀዋል።

አብዛኞቻችን የምንጠቀመው ፊልም ስፋቱ 35 ሚሊሜትር ነው። ፓኬቱ ላይ 135 ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፣ ያው ነው። ፊልሙ መጀመሪያ የተሠራው ለሲኒማ ነበር። ኦስካር ባርናክ የሚባል ጀርመናዊ ይህንን የሲኒማ ፊልም የሚጠቀም ትንሽ የእጅ ካሜራ ሠራ፤ እሱም እ.ኤ.አ. በ1925 ላይካ ተብሎ ለገበያ ወጣ። በግራና በቀኝ ጠርዝ የተደረደሩት ቀዳዳዎች ከሲኒማው የተወረሱ ናቸው። በቀን ብርሃን ካሜራ ውስጥ የሚገባውን፣ ዛሬ የምናውቀውን ዝግጁ ቆርቆሮ ደግሞ በ1934 ኮዳክ የሚባለው ኩባንያ ሬቲና ከተባለው ካሜራ ጋር አመጣው። ከዚያ በፊት ብዙ ሰው ጨለማ ክፍል ገብቶ ፊልሙን በእጁ ነበር የሚጠቀልለው። እኛ ምን ያህል እንደቀለለልን አስቡት።

አንድ ፎቶ ፊልሙ ላይ የሚይዘው ቦታ 24 በ36 ሚሊሜትር ነው። በሁለት ፎቶዎች መካከል ትንሽ ክፍተት ስላለ ከአንዱ ፎቶ መጀመሪያ እስከ ቀጣዩ መጀመሪያ 38 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ያ ማለት በየጠርዙ ልክ 8 ቀዳዳ ማለት ነው። ይህችን 8 ያዟት፣ ትመለሳለች።

አሁን ባዶ ካሜራ አምጡና ኋላውን ክፈቱት። በአብዛኞቹ ካሜራዎች የሚከፈተው በግራ በኩል ከላይ ያለውን ክብ እጀታ ወደ ላይ ጠበቅ አድርጋችሁ ስትስቡት ነው። ይህ ፊልሙ ሲያልቅ ወደ ቆርቆሮው የምንመልስበት እጀታ ነው፤ ከዚህ በኋላ መመለሻ እለዋለሁ። ከተከፈተ በኋላ በግራ የቆርቆሮው ማረፊያ አለ። መሃል ላይ ጨርቅ ወይም ስስ ብረት የሆነ መጋረጃ ታያላችሁ፣ እሱ ፎቶ ስናነሳ ለብርሃን የሚከፈተው ሸተሩ ነው። እሱን በጣት እንዳትነኩት። የጣት ጫና ቅርጹን ሊያበላሸው ይችላል፣ በተለይ የብረቱ በጣም ስስ ነው። ከሸተሩ ቀጥሎ ጥርስ ያላት ተሽከርካሪ አለች፣ ከሷ ቀጥሎ በቀኝ ጥግ መጠቅለያው ዘንግ አለ። ክዳኑ ላይ ደግሞ ከውስጥ በኩል ስፕሪንግ ያለው ጠፍጣፋ ሳህን አለ። ሥራው ፊልሙን ቀጥ አድርጎ መያዝ ነው፣ ፊልሙ ከተንጋደደ ፎቶው ጥራት ያጣል።

ከዚህ በኋላ እጀታ ብቻ ስል ከእያንዳንዱ ፎቶ በኋላ ፊልሙን ለማሳለፍ የምንስበውን ነው፣ መመለሻውን አይደለም። እጀታውን ስትስቡ የሚሆነው ይሄ ነው። ባለጥርሷ ተሽከርካሪ ቀዳዳዎቹን ይዛ ፊልሙን ልክ 8 ቀዳዳ ታሳልፋለች። መጠቅለያው ያለፈውን ይሰበስባል። እሷ ትለካለች፣ እሱ ይሰበስባል። ስለዚህ ሁለቱም ፊልሙን መያዝ አለባቸው። መጠቅለያው ካልያዘ ፊልሙ የትም አይሄድም። ጥርሶቹ በደንብ ካልያዙ ደግሞ ልኩ ይዛባል፣ ፎቶዎቹም አንዱ ባንዱ ላይ ይደረባሉ።

ቆጣሪውስ? ቆጣሪው ከፊልሙ ጋር አይደለም የተገናኘው። በአብዛኞቹ ማንዋል ካሜራዎች ከእጀታው ጋር ነው የተያያዘው፤ እጀታው በተሳበ ቁጥር አንድ ይጨምራል፣ ውስጥ ፊልም ይኑር አይኑር አያውቅም። እኔን 38 ድረስ የወሰደኝ እሱ ነው። ፊልሙ መንቀሳቀሱን በቀጥታ የሚያሳየው ነገር በሌላኛው በኩል ነው ያለው። የቆርቆሮው ውስጥ ዘንግ ከመመለሻው ጋር ገጥሟል። ፊልሙ ከቆርቆሮው ሲወጣ ያ ዘንግ ይዞራል፣ እሱ ሲዞር ውጭ ያለው መመለሻም ይዞራል። መመለሻው ከዞረ ፊልሙ እየሄደ ነው። ካልዞረ ወይ ፊልሙ ላልቷል፣ ወይ አልያዘም።

በቃ፣ የነገሩ ፍሬ ይሄ ነው። የቀረው የእጅ ሥራ ነው።

ከመክፈታችሁ በፊት ካሜራው ባዶ መሆኑን አረጋግጡ። የወረሳችሁት ከሆነ በተለይ። የመመለሻውን ትንሽ እጀታ ዘርግታችሁ ቀስ ብላችሁ ቀስቱ ወዳለበት አዙሩት። ያለ ምንም ተቃውሞ ከዞረ ብዙ ጊዜ ባዶ ነው፣ ወይም ተጠቅልሎ ያለቀ ፊልም ነው ያለው። ከጠበቀባችሁ ግን ውስጥ ፊልም አለ፤ አትክፈቱት፣ ታች እንደምነግራችሁ መልሳችሁ አውጡት። ከስንት ዓመት በፊት ያነሳው ሰው ማን እንደሆነ፣ ምን እንዳነሳ አይታወቅም። ቆይቶ የታጠበ ፊልም ቀለሙ ቢደበዝዝም ፊት ሊታይበት ይችላል፣ ለቤተሰብ ደግሞ ያ ዋጋ የለውም አይባልም።

ቀጥሎ ጥላ ፈልጉ። ቆርቆሮው አፉ ላይ ብርሃን የሚከለክል ጥቁር ከፋይ ጨርቅ አለው፣ ግን ጠራራ ፀሐይ ላይ እሱን ማመን አያስፈልግም። ቤት ውስጥ ብትሆኑ ጥሩ ነው፤ ውጭ ከሆናችሁ ጀርባችሁን ለፀሐይ ሰጥታችሁ በራሳችሁ ጥላ ሥሩት። ፊልሙ ፍሪጅ ውስጥ ከነበረ ደግሞ፣ የፕላስቲክ ዕቃውን ሳትከፍቱ የክፍሉን ሙቀት እስኪያገኝ ጠብቁት፣ አለበለዚያ ጤዛ ይይዘዋል።

ቆርቆሮውን ስታዩት አንዱ ጫፉ ላይ ወጣ ያለ ነገር አለው። አብዛኛውን ጊዜ እሱ ወደ ታች፣ ወደ ካሜራው እግር ነው የሚሆነው። መመለሻውን ወደ ላይ ስባችሁ ቆርቆሮውን ግራ ማረፊያው ውስጥ አስቀምጡና መመለሻውን መልሳችሁ ወደ ታች ግፉት። አልገባም ካላችሁ አታስገድዱት፤ ግራ ቀኝ ትንሽ ወዝወዝ ስታደርጉት ሹካ የሚመስለው የመመለሻው ጫፍ የቆርቆሮውን ዘንግ አግኝቶ ቁጭ ይላል። ፊልሙ ወደ ቀኝ ሲዘረጋ የደበዘዘው ፊቱ ወደ ሌንሱ፣ የሚያብለጨልጨው ጀርባው ወደ እናንተ መሆን አለበት። ቆርቆሮው በትክክል ከገባ ይሄ በራሱ ይሆናል።

ከቆርቆሮው ወጥታ የምትታየው፣ በአንድ በኩል ጠበብ ተደርጋ የተቆረጠችው የፊልም ጫፍ ምላስ እላታለሁ። ምላሷን በሸተሩ ላይ አሳልፋችሁ እስከ መጠቅለያው ሳቧት። ብዙ አትሳቡ፣ መጠቅለያው ድረስ የምትደርስ ብቻ። ብዙ ሰው ተጠራጥሮ አንድ ክንድ ያህል ይጎትትና ሁለት ሦስት ፎቶ በብርሃን ያቃጥላል። በሌላ በኩል ደግሞ ቆጥቤ ላስገባ ብሎ ጫፏን ብቻ ነክሶ የሚዘጋ አለ፣ የኔ ጥፋት ያ ነበር። ከሁለቱ አንዱን ምረጡ ካላችሁኝ ብዙ መሳቡን እመርጣለሁ። ሁለት ፎቶ ቢቃጠል 34 ይተርፋል። ካልያዘ ግን 36ቱም ይሄዳል።

መጠቅለያው ዘንግ ላይ ስንጥቅ አለ፣ አንዳንዱ ካሜራ ላይ ብዙ ስንጥቅ ይኖራል። ምላሷን እዚያ ውስጥ አስገቧት። ስንጥቁ ውስጥ ትንሽ ጥርስ ካለ ከምላሷ ቀዳዳ አንዱ እሱ ላይ መያዝ አለበት። ጫፏ በሌላኛው በኩል ረዝማ እንዳትወጣ፣ ስትዞር ግድግዳውን ልትፈገፍግ ትችላለች። ፊልሙ ቀጥ ብሎ መግባቱንም እዩ። ትንሽ ከጠመመ በየዙሩ እየጠመመ ሄዶ መጨረሻ ላይ ይቀረቀራል፣ እጀታውም አልሄድም ይላል።

አሁን ክዳኑ እንደተከፈተ እጀታውን አንድ ጊዜ ሳቡ። ይህችን እርምጃ የሚዘል ሰው ብዙ ነው፣ እኔ ግን ከሁሉም በላይ ልለምናችሁ የምፈልገው ይህችን ነው። ስትስቡ ዓይናችሁ ፊልሙ ላይ ይሁን። መጠቅለያው ሲዞር ምላሷ ትጠቀለላለች፣ ሰፊው የፊልሙ ክፍል ይመጣል፣ ከላይም ከታችም ጥርሶቹ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ይገባሉ። ከላይም ከታችም። ምላሷ ጠባብ ስለሆነች መጀመሪያ ላይ የሚያዘው በአንድ ጠርዝ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ሁለቱም ጠርዝ እስኪያዝ ድረስ አትዝጉ። አንድ ጊዜ ስቦ ካልበቃ ቁልፉን ተጭናችሁ ድገሙት። መጠቅለያው ካሰባችሁት አቅጣጫ በተቃራኒ ቢዞር አትደንግጡ፤ ብዙ ካሜራዎች ፊልሙን ወደ ውጭ ገልብጠው ነው የሚጠቀልሉት።

ክዳኑን ዝጉ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ስሙ። ከዚያ የመመለሻውን ትንሽ እጀታ ዘርግታችሁ ቀስቱ ወዳለበት በጣም በቀስታ አዙሩት፣ እስኪጠብቅ ድረስ ብቻ። ይህን የምታደርጉት ቆርቆሮው ውስጥ የላላውን ፊልም ለመሰብሰብ ነው። ካልሰበሰባችሁት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ፎቶዎች ላይ ፊልሙ ቢሄድም መመለሻው ላይዞር ይችላል፣ ያኔ ያለ ምክንያት ትጨነቃላችሁ። ሲጠብቅ አቁሙ። በኃይል ከቀጠላችሁ ምላሷን ከመጠቅለያው መልሳችሁ ታወጧታላችሁ።

አሁን እጀታውን ሳቡ፣ ቁልፉን ተጫኑ፣ ደግማችሁ ሳቡ፣ ቆጣሪው 1 ላይ እስኪደርስ። ብርሃን ያየውን ክፍል እያሳለፋችሁት ነው። ዓይናችሁን ከመመለሻው አታንሱ። ቀስቱ ከሚያሳየው በተቃራኒ፣ ማለትም አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት አቆጣጠር በተቃራኒ ሲዞር ታዩታላችሁ። ከዞረ ተገላገላችሁ፣ ሂዱና አንሱ። ካልዞረ ደግሞ ክፈቱትና እንደገና ጀምሩ፤ ምንም ያነሳችሁት ነገር ስለሌለ የሚጠፋው ሁለት ሴንቲም ፊልም ብቻ ነው። እኔ አሁንም ፎቶ በማነሳበት መሃል፣ አምስተኛው ላይ፣ አሥረኛው ላይ፣ ዓይኔን ጣል አደርግበታለሁ። ልማድ ሆኖብኛል።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ፣ የፊልሙን ፍጥነት ካሜራው ላይ መሙላት። ፓኬቱ ላይ 100፣ 200 ወይም 400 የሚል ቁጥር አለ፣ አይኤስኦ (ISO) ይባላል፣ አሮጌ ካሜራዎች ላይ ASA ተብሎ ነው የተጻፈው፣ ቁጥሩ አንድ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ ቆርቆሮዎች ላይ ካሜራው ራሱ የሚያነበው ኮድ መጣ፣ ግን እንደ ፔንታክስ ኬ1000 ወይም ካኖን ኤኢ-1 ያሉ ከ1976 የመጡ ካሜራዎች ያንን ማንበብ አይችሉም፣ እናንተ ናችሁ የምትሞሉት። ኬ1000 ላይ የሸተር ፍጥነት መምረጫውን የውጭ ቀለበት ወደ ላይ አንስታችሁ ስታዞሩት በትንሿ መስኮት ቁጥሩ ይቀየራል። ይህን ብትረሱ ፊልሙ አይጠፋም፣ የብርሃን መለኪያው ግን ይሳሳታል፣ ፎቶዎቹም ከሚገባው በላይ ይነጣሉ ወይም ይጨልማሉ።

ወደ መጨረሻው እንምጣ። ባለ 36 ፊልም 36 ወይም 37 ላይ እጀታው ይጠብቅባችኋል። አቁሙ። አንድ ልጨምር ብላችሁ በኃይል ብትስቡት ቀዳዳዎቹ ይቀደዳሉ፣ ከባሰም የፊልሙ ጭራ ቆርቆሮው ውስጥ ከተጣበቀበት ይላቀቃል። ከተላቀቀ ወደ ቆርቆሮው የሚመልሰው ነገር የለም፤ ያኔ ካሜራውን ሳትከፍቱ ወደሚያጥብላችሁ ሰው ውሰዱት፣ በፍጹም ጨለማ ውስጥ ከፍቶ በእጁ ያወጣዋል። እጀታው ደግሞ 24 ላይ ከጠበቀ አትጣሉት፣ ምናልባት ያስገባችሁት ባለ 24 ነው። ለዚህ ነው የፓኬቱን ቁራጭ ከካሜራው ኋላ በትንሿ ኪስ ላይ ሰክቶ መያዝ የሚጠቅመው።

ለመመለስ ካሜራው ታች ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ተጫኗት። እሷ ባለጥርሷን ተሽከርካሪ ነጻ ትለቃታለች፣ ፊልሙ ወደ ኋላ መሄድ ይችላል። ይህችን ሳይጫን ያዞረ ሰው ቀዳዳውን ነው የሚቀድደው። ከዚያ መመለሻውን ቀስቱ ወዳለበት በእርጋታ አዙሩ። አትቸኩሉ፣ በተለይ አየሩ ደረቅና ቀዝቃዛ ከሆነ፤ ፊልም በፍጥነት ሲፋተግ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ይፈጥርና ፎቶው ላይ እንደ መብረቅ ቅርንጫፍ ያለ ምልክት ሊተው ይችላል። ስታዞሩ አንድ ዓይነት ተቃውሞ ይሰማችኋል። መጨረሻ ላይ ትንሽ ጠበቅ ይልና ድንገት ይቀልላል። ያ ምላሷ ከመጠቅለያው የወጣችበት ቅጽበት ነው። አንድ ሁለት ዙር ጨምሩና ምላሷን ሙሉ ለሙሉ አስገቧት። አንዳንድ ሰው በቤቱ ስለሚያጥብ ምላሷን ውጭ ይተዋታል፣ እኔ አላደርገውም፤ ከሳምንት በኋላ ያልተነሳበት ፊልም መስሎኝ እንደገና አስገብቼ የሁለት ቀን ትዝታ አንድ ላይ ማበላሸት አልፈልግም።

ፊልም እያለ በስህተት ክዳኑን ከከፈታችሁት? ወዲያው ዝጉት። ሁሉም ነገር አልጠፋም። ገና ያልተነሳው ቆርቆሮው ውስጥ ነው፣ እሱ ደህና ነው። የተነሳው ደግሞ መጠቅለያው ላይ ድርብርብ ሆኖ ተጠቅልሏል፣ ከላይ ያለው ንብርብር ይቃጠላል፣ ከሥር ያለው ግን ብዙ ጊዜ ይተርፋል። የጠፋው በቅርብ ያነሳችሁት ነው ማለት ነው። ሁለት ሦስት ፎቶ አሳልፋችሁ ቀጥሉ።

ታጥቦ የመጣ ኔጋቲቭም የሆነውን ይናገራል፣ ማንበብ ከቻላችሁ። ጠርዙ ላይ የፊልሙ ስምና የፎቶ ቁጥሮች በግልጽ እየታዩ መሃሉ ጥርት ያለ ባዶ ከሆነ፣ ማጠቢያው ሠርቷል፣ ፊልሙ ግን ብርሃን አላየም፤ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ፊልሙ አለመያዙ ነው፣ እንደኔ። የጠርዙ ጽሑፍ ራሱ ከሌለ ጥፋቱ አጠባው ላይ ነው። ሙሉው ጥቁር ከሆነ ብርሃን ገብቶበታል። ፎቶዎቹ ከተደራረቡ ደግሞ እነዚያን 8 ቀዳዳዎች አስቡ፤ ወይ ቀዳዳው ተቀዷል፣ ወይ ታች ያለችው የመመለሻ ቁልፍ እንደተጫነች ቀርታለች፣ ወይ የካሜራው ጥርስ ጥገና ይፈልጋል።

ይህ ሁሉ ስለ 35 ሚሊሜትር ነው። ባለ ወረቀት ጀርባው 120 ፊልም ሌላ ጠባይ አለው፤ ቆርቆሮ የለውም፣ መመለስም የለበትም፣ ከአንዱ ዘንግ ወደ ሌላው ዘንግ ሄዶ ያልቃል። አሮጌዎቹ ላይካዎች ደግሞ ከታች ነው የሚከፈቱት፣ እነሱ ላይ ምላሷም ረዘም ተደርጋ ትቆረጣለች። እነዚህን ስትይዙ የካሜራውን መመሪያ አንብቡ።

ለጀማሪ የምመክረው አንድ ሮል መሥዋዕት ማድረግ ነው። ጊዜው ያለፈበት፣ ማንም የማይፈልገው ፊልም ፈልጉ። ክዳኑን ክፍት አድርጋችሁ አስገቡት፣ ሳቡት፣ ጥርሶቹ ሲይዙ እዩ፣ መመለሻው ሲዞር እዩ። ከዚያ ሆን ብላችሁ ሳታስይዙ ዝጉትና እጀታውን እየሳባችሁ መመለሻውን ተመልከቱ። ዝም ብሎ ይቆማል። ያንን አንድ ጊዜ ያየ ሰው አይረሳውም። አሥር ጊዜ ከደጋገማችሁት በኋላ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ሞክሩት።

አያቴን በሌላ ቀን እንደገና አስቀመጥኳት። የፊተኛው ምን ሆኖ ነው ብላ ጠየቀችኝ፣ ፊልሙ አልያዘም ነበር አልኳት። እንግዲህ አሁን መያዙን እይ፣ አለችኝ። እጀታውን ስቤ መመለሻው ሲዞር አሳየኋት፣ ከዚያ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች።